የጉበት ትል መድኃኒት፦ ለየትኛው ከብት የትኛው? በየትኛው ወር?

«የትል መድኃኒት አለ?»

«የቱን ልስጥዎ ጋሼ?»

«ያው የትሉን ነዋ!»

የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ንግግር ሳይሰማ አይውልም። ሻጩ እጁ የደረሰበትን ያነሳል። አብዛኛውን ጊዜ አልቤንዳዞል ነው፤ ካልሆነ የኢቨርሜክቲን መርፌ። ከሁለት ወር በኋላ በጊቱ አገጯ ሥር አብጦ ትታያለች። ያኔ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይባላል። ፎርጅድ የለም አልልም። ግን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ደህና ነው። የተሰጠው ለማይገድለው ትል ነው፤ አለዚያም ትሉ ገና ለዚያ መድኃኒት ዕድሜው ሳይደርስ ነው።

እዚህ የምናወራው ስለ ጉበት ትል ብቻ ነው። በጨፌ፣ በምንጭ ዳርና በመስኖ ቦይ አጠገብ የሚግጡ በጎችና ከብቶች ላሏቸው ሰዎች የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ትሉን እንወቀው

የጉበት ትል እንደ ክር ቀጭን አይደለም። ጠፍጣፋ ነው፤ ቅጠል ይመስላል። አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ከ1,800 ሜትር በላይ ባለው ደጋ በብዛት የሚገኘው ፋሲዮላ ሄፓቲካ ነው። ከ1,200 ሜትር በታች በሚገኘው ቆላ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ ይበዛል፤ እሱ ረዘም ያለ ነው። በሁለቱ መሃል ባለው ከፍታ ሁለቱም ይኖራሉ። መድኃኒታቸው አንድ ስለሆነ ለገዢው ልዩነቱ ብዙ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ጉዞው ነው። እንቁላሉ ከእበትና ከበጠጥ ጋር ይወጣል። ውሃ ካገኘ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ሲወጣ ሣር ላይ ተለጥፎ የሚግጥ እንስሳ ይጠብቃል። እንስሳው ሲበላው አንጀቱን በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ይወጣና ወደ ጉበት ይገባል። ከዚያ ለ6 ወይም 7 ሳምንት የጉበቱን ሥጋ እየበላ ይንከራተታል። በመጨረሻ የሐሞት ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እንቁላል መጣል የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከተበላ ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ማለት ነው። ጃይጋንቲካ ከዚህም ይዘገያል።

ስለዚህ አንድ በግ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጠላት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ጉበቱን እየቀደደ ያለው ጨቅላ ትል ነው። ሁለተኛው ሐሞት ቧንቧ ውስጥ ተደላድሎ ደም የሚመጠው ጎልማሳ ነው። ጨቅላው በብዛት ከገባ በጊቱ ሳትከሳ፣ ሳታብጥ፣ ጠዋት ሞታ ትገኛለች። በጠጧ ላቦራቶሪ ቢታይ እንቁላል የለውም፤ ምክንያቱም ትሉ ገና አልወለደም። ጎልማሳው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጨርሳት። ትከሳለች፣ የዓይኗ ውስጥ ቆብ ይነጣል፣ አገጯ ሥር ውሃ ይቋጥራል፤ ላም ከሆነች ወተቷ ይቀንሳል።

ለቅርጫ በሬ ያረደ ሰው የጎልማሳውን ሥራ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። የጉበቱ ቧንቧዎች ነጭ ሆነው ደድረዋል። ቢላዋው ሲያልፍባቸው ጠጠር የነካ ያህል ይንኳኳል። ቧንቧውን ሲጫኑት ከጠቆረ ሐሞት ጋር ትሉ ይወጣል። ያ ጉበት ተጥሎ የቅርጫው አባላት ሲነጫነጩ፣ የከሰረው ጉበት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው። በሬው ወራት ሙሉ የበላው መኖም ከፊሉ ለትሉ ነበር።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛውና ከሁሉም የሚበልጠው መስፈርት መድኃኒቱ ስንት ሳምንት የሆነውን ትል ይገድላል የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ቀጥሎ የሚታየው የእንስሳው ሁኔታ ነው። አርግዛለች? ትታለባለች? ለበዓል ልትሸጥ ነው? ከዚያ በተጨማሪ የጨጓራና የአንጀት ትልንም ይገድል እንደሆነ ይጠየቃል። መጠኑን ቢስቱ አደጋው ምን ያህል እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ዋጋ መጨረሻ ላይ ነው። ዋጋው ከከተማ ከተማ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ብር አልጠራም፤ ርካሽና ውድ ብቻ እላለሁ።

አልቤንዳዞል

ሁሉም የሚያውቀው፣ የትም የሚገኘው፣ ርካሹ። የጨጓራና የአንጀት ትል ይገድላል፣ የኮሶ ትል ዘመዶችንም ይነካል። ከጉበት ትል ግን የሚገድለው ጎልማሳውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሙሉ በሙሉ አይጨርስም። ጨቅላውን አይነካውም። በጥቅምትና በኅዳር በጎች በድንገት ሲሞቱ አልቤንዳዞል መስጠት ገንዘብ መበተን ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው መጠኑ ላይ ነው። ለአንጀት ትል የሚበቃው ለጉበት ትል አይበቃም። ለአንጀት ትል በግ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ ከብት 7.5 ሚሊግራም ይሰጣል። ለጉበት ትል ግን በግ 7.5፣ ከብት 10 ሚሊግራም ያስፈልገዋል።

እስቲ አንድ በሬ እንያዝ። የደረቱ ዙሪያ 165 ሴንቲሜትር ነው፤ ከትከሻው እስከ ዳሌው 140። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10,840 ያካፍሉ። ወደ 352 ኪሎ ይመጣል። ለጉበት ትል ከ3,500 ሚሊግራም በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። እኛ ግን «ለአንድ ከብት አንድ ክኒን» ብለን የለመድነው ባለ 2,500ውን ነው። ያ ለዚህ በሬ በኪሎ 7 ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። አንድ ባለ 2,500 እና አራት ባለ 300 ቢሰጠው ግን ልኩን ያገኛል። ደረቷ 140፣ ርዝመቷ 120 የሆነች ላም ደግሞ ወደ 217 ኪሎ ናት፤ ለሷ አንዱ ባለ 2,500 ይበቃታል። በልብስ ሰፊ ሜትር የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሲሠራ ግን አይታይም።

ሌላም ጥንቃቄ አለው። በእርግዝና መጀመሪያ ጽንሱን ይጎዳል። ላም በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት፣ በግ በመጀመሪያው ወር መውሰድ የለባቸውም። አውራው ከመንጋው ጋር የሚውል ከሆነ ማን መቼ እንዳረገዘ ማወቅ ስለሚከብድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትሪክላቤንዳዞል

ጨቅላውን የሚገድለው ይህ ነው። ከ1 ወይም 2 ሳምንት ትል ጀምሮ እስከ ጎልማሳው ድረስ ይደርሳል። በጎች እየሞቱ ከሆነ ሌላ አማራጭ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። መጠኑ ለበግ በኪሎ 10፣ ለከብት 12 ሚሊግራም በአፍ ነው።

እንከኑም ብዙ ነው። ውድ ነው፤ በትናንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአንጀት ትል አይገድልም፤ ስለዚህ «ሁሉን ያጸዳል» ብሎ የሚሸጥልዎት ካለ አይመኑት። ወተቱ ለሚጠጣ ላም አይሰጥም። ሥጋውም እንደ አምራቹ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሳይበላ ይጠበቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው መላመድ ነው። ይህ መድኃኒት ገበያ ላይ የዋለው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው። በ1995 አውስትራሊያ ውስጥ የማይገድለው ትል ተገኘ። ከዚያ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አሜሪካ ተከተለ። በየዓመቱ፣ በየወቅቱ እሱን ብቻ የሚሰጥ ሰው ያንኑ መንገድ ነው የሚጠርገው። በእኔ አስተያየት ትሪክላቤንዳዞል በዓመት አንዴ፣ ጨቅላው በሚበዛበት ወቅት ብቻ ይውጣ። ለቀረው ጊዜ ሌላ አለ።

ኦክሲክሎዛናይድ

ለምትታለብና ላረገዘች ላም የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል፤ ወተቱም የሚጠበቀው አጭር ጊዜ ነው። የሚገድለው ጎልማሳውን ነው። የጨጓራ ቅጠል ትል የሚባለውንም ይይዛል። እንቁላሉ ከጉበት ትሉ ጋር ስለሚመሳሰል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያምታታ ትል ነው። የጉበት ትሉ እንቁላል ወርቃማ ቢጫ ነው፤ የጨጓራው ግን ቀለም የለውም።

ብዙ ጊዜ ከቴትራሚዞል ወይም ከሌቫሚዞል ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ያኔ የአንጀት ትልም ይገድላል። ግን እነዚህ ተጨማሪዎች መጠናቸው ሲበዛ ይመርዛሉ፤ «ትንሽ ጨምርበት» እዚህ ጋ አይሠራም። ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን እበቱ ቢቀጥን አይደንግጡ።

ክሎዛንቴልና ራፎክሳናይድ

መሃል ላይ የቆሙ ናቸው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሞላውን ትል ይገድላሉ። ለአልቤንዳዞል ዕድሜው ገና ያልደረሰውን ትል ጭምር ማለት ነው። ትልቁ ጥቅማቸው ደም መጣጩን የጨጓራ ትልም መያዛቸው ነው። አገጭ ሥር የሚታየው እብጠትና የዓይን መንጣት ከሁለቱም ትሎች ስለሚመጣ፣ የቱ እንደሆነ ላልለየ ባለ በግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ከመጠን ካለፉ በጉ ይታወራል፤ የታወረ ዓይን ደግሞ አይመለስም። በዓይን ግምት ለመስጠት የማይሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። ለሚታለቡም አይሰጡም።

ናይትሮክሲኒል

መርፌ ነው፤ ከቆዳ ሥር በኪሎ 10 ሚሊግራም። ከ8 ሳምንት ጀምሮ ያለውን ትል ይገድላል። ልብስና ፀጉር ቢጫ ያደርጋል፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው አይምጡ። ለምትታለብ ላም አይሆንም። ሥጋው 2 ወር ገደማ ይጠበቃል።

ኢቨርሜክቲንስ?

ብቻውን የጉበት ትል አይገድልም። ለእከክ፣ ለቅማልና ለአንጀት ትል ጥሩ ነው። ከክሎርሱሎን ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው መርፌ ለከብት ጎልማሳውን ይገድላል፤ ጠርሙሱ ላይ ሁለቱም ስሞች መኖራቸውን ያረጋግጡ። ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞልም ብቻቸውን ሲሆኑ ለጉበት ትል አይረቡም።

በአንድ ዓይን

| መድኃኒት | የሚገድለው ትል | መጠን በኪሎ ክብደት | የአንጀትና የጨጓራ ክብ ትል | ለምትታለብ | ሥጋ የሚጠበቀው | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አልቤንዳዞል | ጎልማሳ ብቻ | በግ 7.5፣ ከብት 10 ሚ.ግ. | አዎ | ከ3–5 ቀን ወተት ይደፋ | ከ2–4 ሳምንት | ርካሽ |
| ኦክሲክሎዛናይድ | ጎልማሳ ብቻ | በግ 15፣ ከብት 10 ሚ.ግ. | ተቀላቅሎ ሲመጣ | ይሆናል፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ልጥፍ ያንብቡ | ከ2–4 ሳምንት | መካከለኛ |
| ክሎዛንቴል | ከ6–8 ሳምንት ጀምሮ | በግ 10 ሚ.ግ. በአፍ | ደም መጣጩን | አይሆንም | ከ1 ወር በላይ | መካከለኛ |
| ራፎክሳናይድ | ከ6 ሳምንት ገደማ | 7.5 ሚ.ግ. በአፍ | ደም መጣጩን | አይሆንም | ከ1–2 ወር | መካከለኛ |
| ናይትሮክሲኒል | ከ8 ሳምንት ጀምሮ | 10 ሚ.ግ. መርፌ | ደም መጣጩን | አይሆንም | 2 ወር ገደማ | መካከለኛ |
| ትሪክላቤንዳዞል | ከ1–2 ሳምንት ጀምሮ | በግ 10፣ ከብት 12 ሚ.ግ. | አይ | አይሆንም | ከ1–2 ወር | ውድ |

የወተትና የሥጋ ቀኖች እንደ አምራቹ ይለያያሉ። ከሠንጠረዡ ይልቅ የልጥፉን ጽሑፍ ይመኑ።

መቼ የቱን?

ክረምቱ ቀንድ አውጣውን ያበዛል። ሣሩ ላይ የተለጠፈው ትል የሚበረክተው ከመስከረም ጀምሮ ነው። በጎች ይህን በልተው ጨቅላው ጉበታቸውን የሚቀደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በደጋ፣ ሞት ባየንበት መንጋ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ትሪክላቤንዳዞል ዋጋውን ያወጣል። ኅዳር 1 የተሰጠው በግ ለገና ሲደርስ 58 ቀን ይሆነዋል፤ የሥጋው ጊዜም ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ልጥፉን ግን ይመልከቱ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሰጥቶ ለገና ገበያ መንዳት ግን ለገዢው ቤተሰብ መድኃኒት ማብላት ነው። ለበዓል የሚሸጠውን ለይተው ምልክት ያድርጉበት።

ጥር ወይም የካቲት ላይ የቀረው ትል አርጅቷል። ያኔ ርካሹ አልቤንዳዞል በልኩ ከተሰጠ፣ ወይም ኦክሲክሎዛናይድ፣ ይበቃል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠና ሌላ ዙር ያስፈልጋል። የግንቦቱ ዓላማ በጉን ማዳን ብቻ አይደለም፤ እንቁላሉ ለክረምቱ ውሃ እንዳይደርስ ነው። አንድ ጎልማሳ ትል በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። ጎረቤቱ ካልሰጠ ግን የጋራው ጨፌ አይጸዳም። ስለዚህ የግንቦቱ ዙር በቀበሌ ደረጃ አብሮ ቢደረግ ይሻላል። አህያም ትሉን ይይዛል፤ አይረሳ።

ይህ አቆጣጠር በመስኖ አካባቢ አይሠራም። እንደ ቆጋ ባለ ቦታ ቦዩ በበጋም ስለማይደርቅ ቀንድ አውጣው ዓመቱን ሙሉ አለ። ጣና ዙሪያም፣ እንደ ፎገራ ባለው ሜዳ፣ ውሃው ሲሸሽ ከብቱ ተከትሎ ይግጣል፤ በበጋ የሚያዘውም እዚያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ በወር ሳይሆን በላቦራቶሪ መመራት ይሻላል።

እንደ አቅምና እንደ ሁኔታ

*አምስት ስድስት በግ ያለው፣ ብር የጠበበው፦* ሞት ካልታየ ጥርና ግንቦት ላይ አልቤንዳዞል በጉበት ትል መጠን። ኅዳር ላይ ለመድኃኒት ብር ከሌለ በጎቹን ከጨፌው አውጥቶ ገደል ገደሉን ማሰማራት ነጻ ነው። የጨፌው ሣር ይታጨድና በደንብ ይድረቅ። በደንብ በደረቀ ድርቆሽ ላይ ትሉ ይሞታል፤ እርጥብ ሆኖ የተከመረ ግን ወራት ያቆየዋል።

*መንጋው እየሞተ ያለው፦* ዛሬውኑ ትሪክላቤንዳዞል፣ ለሁሉም በጎች፣ ለታመሙት ብቻ አይደለም። ከጨፌውም በዚያው ቀን ይውጡ።

*ወተት የሚሸጥ፦* ኦክሲክሎዛናይድ። ትሪክላቤንዳዞል ካስፈለገ ላሟ ስትደርቅ ይሰጣት፤ ከወለደች በኋላ ወተቷ መቼ እንደሚጠጣ ደግሞ ልጥፉን ያንብቡ።

*በሬ አድላቢ፦* ገዝቶ ሲያስገባ አንዴ፣ ወዲያው። መሸጫው ከሁለት ወር በላይ ከሆነ ናይትሮክሲኒል ወይም ክሎዛንቴል። ከዚያ ካነሰ አልቤንዳዞል በሜትር ተለክቶ።

*ፍየል ያለው፦* የበጉን መጠን በቀጥታ አይስጡ፤ ሐኪም ይጠይቁ።

ሲሰጡ የእንስሳውን አንገት ወደ ላይ ብዙ አይጠምዝዙ። መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ከገባ በትሉ ፋንታ በጉን ይገድላል።

ሰውንስ ይይዛል?

ይይዛል። የሚይዘው ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከዱለት ወይም ከጥሬ ጉበት አይደለም። ጉበት ውስጥ ያለው ጎልማሳ ትል ቢበላ ሰውን አይይዝም። እንቁላሉ ለጥቂት ቀን በሰገራ ቢታይም አልፎ የሚሄድ ነው፤ ከምርመራ በፊት ለጥቂት ቀን ጉበት አይብሉ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሰው የሚያዘው ረግረግ ውስጥ የበቀለ ቅጠል በጥሬው ሲበላ ወይም ያልተጣራ የጨፌ ውሃ ሲጠጣ ነው።

ቀኝ ጎን ከጎድን ሥር ሕመም፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ከብት እንደሚያረቡም ይንገሩ። የሰውም ሕክምና ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በሐኪም ትእዛዝ። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል እዚህ አይሠራም። ለከብት የተገዛውን ቆርሶ መዋጥ ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

ሠራ ወይስ አልሠራም?

ከሰጡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአምስት ስድስት እንስሳ ትኩስ እበት ወይም በጠጥ በላስቲክ ጠቅልለው እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱ፤ በዚያው ቀን። «የጉበት ትል እንቁላል በማዝቀጥ ዘዴ (ከሥር እንዲዘቅጥ በማድረግ) ይታይልኝ» ይበሉ፤ ለአንጀት ትል የሚደረገው የማንሳፈፍ ምርመራ ከባዱን እንቁላል አያሳይም። እንቁላል ከተገኘ መጀመሪያ መጠኑ ልክ እንደነበር ይፈትሹ፣ ቀጥሎ የመድኃኒቱን የአገልግሎት ጊዜ። ሁለቱም ልክ ከሆኑ በሚቀጥለው ዙር ከሠንጠረዡ ሌላ መድኃኒት ይምረጡ፤ ውጤቱንም ለሐኪሙ ይንገሩ።